ሙድ ተይዞበት የዳነው ዘፋኝ

የኮሪያውን ድራማ «ስኩዊድ ጌም» ምዕራፍ ሁለትን ያየ ሰው ሳያስበው ሦስት ዘፋኞች አይቷል። ፀጉሩን ሐምራዊ ቀብቶ ሲያብድ የነበረው ራፐር እውነትም ራፐር ነው፤ ቶፕ ይባላል፣ ቢግባንግ የሚባለው ቡድን አባል የነበረ። በክሪፕቶ ተከታዮቹን ያከሰረው ዩቲዩበር፣ ኢም ሺዋን፣ «ዜአ» ከሚባል የወንዶች ቡድን የወጣ ነው። ነፍሰ ጡሯ ልጅ፣ ጆ ዩሪ፣ «አይዝዋን» ውስጥ ስትዘፍንና ስትደንስ ነበር።

ኮሪያ ውስጥ ይሄ ማንንም አይደንቅም። ስም እንኳ ወጥቶለታል፤ «ዮንጊዶል» ይሉታል። «ዮንጊ» ትወና ነው፣ «ዶል» ደግሞ ከ«አይዶል» የተቆረጠ ጅራት፤ አይዶል የሚሉት በኩባንያ ሠልጥኖ የሚወጣ የፖፕ ዘፋኝን ነው። መስደብ ሲፈልጉ ሌላ ቃል አላቸው፤ «ባልዮንጊ»። በእግር መተወን ማለት ነው። አንድ ዘፋኝ ድራማ ላይ መጣ ሲባል ተመልካቹ መጀመሪያ የሚያጣራው ይህንኑ ነው። በፊቱ ነው የሚተውነው ወይስ በእግሩ?

ሁሉም ግን ለምንድነው ወደ ካሜራ የሚሮጡት? ነገሩ የጥበብ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ሒሳብ አለበት። አንድ ልጅ የሙዚቃ ኩባንያ ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይሠለጥናል። መድረክ ላይ ሲወጣ ውሉ ብዙ ጊዜ 7 ዓመት ነው። ይህ ልክ የተለመደው ከ2009 ወዲህ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) በዚያ ዓመት ቶንግባንግሺንጊ ከሚባለው ዝነኛ ቡድን ሦስቱ አባላት 13 ዓመት ያስራቸውን ውል ፍርድ ቤት ወሰዱት። ከዚያ በኋላ መንግሥት መደበኛ ውል አወጣ። እንግዲህ በ17 ዓመቱ የጀመረ ልጅ 24 ሲሞላው ቡድኑ ሊበተን ይችላል። ወንድ ከሆነ ደግሞ ወታደር ቤት ይጠብቀዋል። ጉልበትና ወገብ እንደ ድሮው አይታዘዙም። ፊት ግን ካሜራ ፊት እስከ 50 እና 60 ዓመት ይሠራል።

በአዘጋጆቹም በኩል ሒሳብ አለ። ዘፋኙ ጃፓንና ታይላንድ ውስጥ አፍቃሪ ካለው ድራማውን እዚያ መሸጥ ይቀላል። ስለዚህ ትወና ለዘፋኙ ጡረታ ነው፤ ዘፋኙ ደግሞ ለአዘጋጁ ገበያ ነው።

ሒሳቡ ቆንጆ ነው። እኔ ግን አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። ይህን ሒሳብ ከማንም ቀድሞ እስከ ጥግ የሠራው፣ ሆሊውድ ድረስ የወሰደው እሱ ነው። በመጨረሻ ያዳነው ግን ሒሳቡ ውስጥ ያልነበረ ነገር ነው። ሙድ ያዙበት።

ስሙ ጆንግ ጂሁን ነው። መድረክ ላይ «ቢ» ይባላል፤ በኮሪያኛ ዝናብ ማለት ነው። ፈረንጆቹ ሬይን ይሉታል። ሲዘፍን ቢ ነው፣ ሲተውን ግን ፊልሙ ላይ የሚጻፈው ጆንግ ጂሁን ነው። ሁለት ስም፣ ሁለት ሥራ።

የተወለደው በ1982 ሴኡል ውስጥ ነው። አባቱ የሩዝ ኬክ ሸጠው ነው የሚያድሩት። እሱ ገና 16 ዓመቱ እያለ በ1998 «ፋን ክለብ» ከሚባል ቡድን ጋር ወጣ። ማንም አላየውም፣ ቡድኑ ተበተነ። እናቱ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ፤ ቤተሰቡ ለሕክምናቸው ገንዘብ አጥሮት ሳለ በ2000 ዐረፉ። ብዙ ኩባንያዎች ደጃፋቸው ላይ መለሱት። አንዳንዶቹ ምክንያታቸው መልኩ ነበር፤ የዐይን ቆብህ እጥፋት የለውም አሉት። በመጨረሻ ዘፋኝና ፕሮዲዩሰር የሆነው ፓርክ ጂንዮንግ ተቀበለው። የዘመኑ ሰዎች ሲያወሩ ፓርክ የወደደው ድምፁን ሳይሆን ዐይኑ ላይ ያየውን ረሃብ ነው ይላሉ። መጀመሪያ ከሌላ ዘፋኝ ኋላ ደነሰ፤ የራሱን አልበም ያወጣው በ2002 ነው።

ትወና የጀመረው ወዲያው በሁለተኛው ዓመት ነው። የመጀመሪያው ድራማው ላይ የታመመች ሴት ልጁን ለማሳከም ከሴቶች ገንዘብ የሚያታልል ጎረምሳ ነበር። የውበት ሚና አይደለም። በዚያ ዘመን አንድ የፖፕ ዘፋኝ እንዲህ ያለ ነገር መምረጡ ድፍረት ነው። እውነተኛው ፍንዳታ ግን በ2004 መጣ፤ «ፉል ሀውስ» የሚባል ድራማ፣ ከተዋናይት ሶንግ ሄክዮ ጋር።

«ፉል ሀውስ»ን ዛሬ ስታዩት ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት ደራሲ ለመሆን የምትመኝ ልጅ አባቷ የሠራላትን ቤት ጓደኞቿ አጭበርብረው ይሸጡባታል። ገዢው ታዋቂ የፊልም ተዋናይ ነው። የውል ጋብቻ ይፈጽማሉ። ያው እየተሰዳደቡ ይዋደዳሉ። ልብ በሉ፤ ዘፋኙ የሚጫወተው ተዋናይ ሆኖ ነው። ጉረኛ፣ ቁጡ፣ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ከቦታው ፈቀቅ ካለ የሚነጫነጭ። ሚስቱን ዶሮ እያለ ይሰድባታል። ሬይን እዚህ ላይ ያደረገው ብልህ ነገር ትልቅ ተዋናይ ለመምሰል አለመሞከሩ ነው። አያለቅስም፣ አይፈላሰፍም። ያኮርፋል። ማኩረፍ ደግሞ ይችልበታል። ድራማው እስያን አጥለቀለቀ፣ በዚያው ዓመት የወጣው ሦስተኛ አልበሙም አብሮ ሄደ። ዘፈኑ ድራማውን ሸጠ፣ ድራማውም ዘፈኑን።

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ሽቅብ ሆነ። በ2006 መጀመሪያ ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሁለት ምሽት ዘፈነ። (ትልቁ አዳራሽ ሳይሆን በሥሩ ያለው ቲያትር ነበር፤ ኮሪያ ውስጥ ሲወራ ግን ይህቺ ዝርዝር ትዘለላለች።) በዚያው ዓመት «ታይም» መጽሔት ከዓለም 100 ተፅዕኖ ፈጣሪዎች አንዱ አለው። በሚቀጥለው ዓመት በመጽሔቱ የኢንተርኔት ምርጫ አንደኛ ሲወጣ ሁለተኛ የሆነው ቀልደኛው ስቲቨን ኮልቤር ነበር። ኮልቤር በቴሌቪዥን ተናደድኩ አለ፣ በኮሪያኛ የሚያላግጥ ዘፈን ሠራ። በ2008 ሬይን ራሱ ስቱዲዮው ሄዶ የዳንስ ውድድር ገጠሙ።

በትወናም ደፋር ነበር። በ2006 ከፓርክ ቻንኡክ ጋር ሠራ። «ኦልድቦይ»ን የሠራው ዳይሬክተር ነው። ፊልሙ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ሬይን የሰዎችን ጠባይ እሰርቃለሁ ብሎ የሚያምን በሽተኛ ሆኖ ይጫወታል። አድናቂዎቹ ግራ ተጋቡ። ሽልማት ሰጪዎቹ ግን ጥሩ አዲስ ተዋናይ ብለው ሸለሙት። በኔ ግምት እስከ ዛሬ የሠራው ምርጥ ትወና ይሄ ነው፤ ያሳዝናል፣ ገና ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር።

ሆሊውድም ገባ። በ2008 «ስፒድ ሬሰር» ላይ በትንሽ ሚና፣ በ2009 ደግሞ «ኒንጃ አሳሲን» ላይ በመሪ ሚና። ለሁለተኛው ወራት ሙሉ ሰውነቱን ሲገነባ የዶሮ ደረትና አትክልት ብቻ ሲበላ ከረመ። ፊልሙ ላይ የእሱን ገጸ ባሕርይ በወጣትነቱ የተጫወተው ሊ ጁን ይባላል። ሬይን ራሱ «ኤምብላክ» በሚል ስም በዚያው ዓመት ካወጣው ቡድን የመጣ ልጅ ነው። በኋላ ሊ ጁንም ቡድኑን ትቶ ተዋናይ ሆነ። አባት ልጁን የሚያወርሰው ሙያ ሆነ ማለት ነው።

በ2010 ኤምቲቪ ሬይንን «ኃይለኛው ተዋጊ» ብሎ ሸለመው። ሆሊውድ ግን ከዚያ ወዲህ በዚያ መጠን አልጠራውም። ምክንያቱን አሁን ስናየው አይከብድም። የሰጡት ሥራ ሰውነቱን እንጂ ኩርፊያውን አልፈለገም። «ፉል ሀውስ» ላይ ሰው የወደደውን ሰውዬ አስቀርተው ጡንቻውን ወሰዱ። ለእስያ ተዋናይ የነበረው ወንበር ያኔ አንድ ነበር፤ ጎራዴ የያዘ ዝምተኛ።

በዚያው ሰሞን ችግርም ይከማች ነበር። በ2007 ሊደረግ የነበረው የአሜሪካ ዙር ተሰረዘ። ሀዋይ ውስጥ ትኬት የተሸጠበት ኮንሰርት በመጨረሻ ሰዓት ቀረ። ሆኖሉሉ ላይ ተከሰሰ፣ በ2009 ዳኞቹ እሱና የቀድሞ ኩባንያው ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍሉ ወሰኑ። ከዚያ ወታደር ቤት ገባ። ያኔ ታዋቂ ሰዎችን ለሠራዊቱ ማስታወቂያ የሚያሠራ ልዩ ክፍል ነበር፤ እሱም እዚያ ተመደበ። በ2013 አዲስ ዓመት ዕለት ከተዋናይት ኪም ቴሂ ጋር በሥራ ሰዓት ሲገናኝ የሚያሳይ ፎቶ ወጣ። ሕዝቡ ጮኸ። ሠራዊቱ 7 ቀን ከግቢ እንዳይወጣ ቀጣው። ከጥፋቶቹ አንዱ፣ እውነቴን ነው፣ ኮፍያ አለማድረግ ነበር። ልዩ ክፍሉ እሱ በተሰናበተ በቀናት ውስጥ ፈረሰ። ኪም ቴሂን ግን በ2017 መጀመሪያ አገባት።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ዘፈን አወጣ። ስሙን ኮሪያውያን የሚሉት አፋቸውን ጠበቅ አድርገው ነው። እንግሊዝኛው «ጋንግ» ብሎ ይጽፈዋል፣ አይመስልም። ለኛ ይቀለናል፣ ቀ አለችን፤ «ቃንግ» ብንለው ይቀርባል። ትርጉሙ ወኔ፣ ልበ ሙሉነት ነው።

ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሰውየው 35 ዓመቱ ነው። ንጉሡ ተመለሰ ይላል። ታናናሾቼ ሥራ በዛባቸው ይላል። ትከሻውን ሰፋ አድርጎ፣ መሬቱን እየረገጠ ይደንሳል፤ አላጋጮች የጎሪላ ዳንስ ብለው ስም አወጡለት። የሚያብረቀርቅ መብራት ከበበኝ ይላል። ከንፈሩን ይነክሳል። በዚህ መሃል ዘፈኑ ድንገት ይቆምና ቀስ ያለ የፍቅር ዜማ ይሆናል፣ ሁለት የማይተዋወቁ ዘፈኖች በስህተት የተጣበቁ ይመስላል። ከዚያ ደግሞ ተመልሶ ጎሪላ። ዳንሱ ግን፣ ልብ ብሎ ላየው፣ ከባድ ነው። ማንም ዝም ብሎ አይሠራውም። ችግሩ ጉራው የ2004 ነው፣ ዘመኑ 2017። ዘፈኑ ወጣ፣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

በ2019 የካቲት ደግሞ ፊልም መጣ። ኦም ቦክዶንግ በጃፓን ቅኝ ግዛት ዘመን ጃፓናውያንን በብስክሌት ያሸነፈ እውነተኛ ሰው ነው። ሬይን እሱን ሆኖ ይጫወታል። ከ10 ቢሊዮን ዎን በላይ ወጣበት። ፊልሙ በወጣበት ሰሞን ሬይን ኢንስታግራም ላይ ጻፈ። ትንሽ ጠጥቻለሁ አለ። ፊልሙ ባይሳካም ምንም አይደል፣ ኦም ቦክዶንግን ብቻ አስታውሱልኝ አለ። ሲኒማ የገባው ሰው 172 ሺህ ገደማ ነበር።

ኢንተርኔቱ አልማረውም። የኦም ቦክዶንግ ስም በእንግሊዝኛ ሲያጥር የሚወጣው «ዩቢዲ» የመለኪያ አሀድ ሆነ። 1 ዩቢዲ ማለት 172 ሺህ ገደማ ሰው። ልክ እንደ ኪሎና ሊትር። በዚያው ዓመት «ፓራሳይት» የሚባለው ፊልም ከ10 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ሲያገኝ ቀልደኞቹ ወደ 60 ዩቢዲ ብለው አሰሉት።

እንግዲህ በሒሳቡ መሠረት ይሄ ሰው አልቋል። ዘፈኑም ትወናውም ወድቋል፤ ጡረታው ተበልቷል።

ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ግን አንድ ነገር ሆነ። ሰዎች ወደ ያ የሁለት ዓመት ቪዲዮ መመለስ ጀመሩ። ዘፈኑን ለመስማት አይደለም፤ ከሥሩ ያለውን አስተያየት ለማንበብ ነው። እዚያ የአገሪቱ ቀልደኛ ሁሉ ተሰብስቧል። አንዱ ከቢሮ መጣሁ ይላል፣ ሌላው ዛሬም ቃንጌን ልውሰድ ይላል። «በቀን 1 ቃንግ» የሚል አባባል ተፈጠረ፣ እንደ ኪኒን ማዘዣ። አንድ አድናቂው ደግሞ ሊያደርጋቸው የማይገቡ 20 ነገሮችን ዘርዝሮ ለጠፈ፤ እባክህ ከንፈር መንከስ ይቅርብህ፣ እባክህ ያቺ የባለጌ ልጅ ፊት ትቅርብህ። ከምር የሚወድህ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚዘረዝርልህ።

በ2020 ግንቦት መጀመሪያ የአገሪቱ ስታቲስቲክስ ቢሮ ሳይቀር ገባበት። በይፋዊ አካውንቱ ቪዲዮው ሥር የቃንግ ቆጠራ ላደርግ መጣሁ ብሎ ጻፈ። 6 ሚሊዮን 859 ሺህ 592 እይታ፣ በዩቢዲ ሲመነዘር 39.831። ሰው በዚህ ግን አልሳቀም። እኛ ብንስቅ ያምርብናል፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን እንዴት በግለሰብ ላይ ሙድ ይይዛል ተባለ። ቢሮው ይቅርታ ጠየቀ። ይቺ ነገር ለኔ ብዙ ትናገራለች። ሲያላግጡበት የከረሙት ሰዎች ናቸው ዞረው ጠበቃ የሆኑለት። ልክ ወንድምህን አንተ ስትሰድበው ችግር የለም፣ የሰፈር ሰው ሲሰድበው ግን እጅጌህን እንደምትሰበስበው።

ሬይን ሁለት ምርጫ ነበረው። መደበቅ ይችል ነበር፤ ወይም የኔን ውለታ ረሳችሁ ብሎ መቆጣት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዝነኛው ቀልደኛ ዩ ጄሶክ የሚመራው ትልቅ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀረበ። ዩ ጄሶክ ፈራ ተባ እያለ ጠየቀው። ሰውየው ሳቀ። በቀን 1 አይበቃም፣ ቢያንስ 3 ነው አለ። ተነሥቶም ደነሰ። 20ውን ክልከላ አንድ በአንድ ሲያነቡለት አንዳንዱን እሺ አለ፣ በአንዳንዱ ላይ ደግሞ ድርድር ገባ።

ማኩረፍ የሚያውቅ ሰው ያልኩት ለዚህ ነው። በ«ፉል ሀውስ» ሰው የወደደው ያ ጉረኛ፣ ጉራው ሲነቃበት የሚያፍር ልጅ፣ ከ16 ዓመት በኋላ ተመልሶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ሆሊውድ ሊጠቀምበት ያልቻለውን አስተያየት ጸሐፊዎቹ አገኙት። እናም ጡንቻው፣ ሥልጠናው፣ ለዓመታት የለፋበት ዳንስ አልጠፋም፤ ለቀልዱ ክብደት ሆነው። ችሎታ የሌለው ሰው ቢሆን ቀልዱ በሳምንት ይሰለች ነበር። ጉራውን የሚያዋጣው ያ ሁሉ ልፋት ከኋላው ስላለ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። ወጣት ራፐሮች ቃንግን በአዲስ መልክ ሠርተው የዘፈን ሰንጠረዡ አናት ላይ አወጡት። ኖንግሺም የሚባለው የምግብ ኩባንያ ከ1971 ጀምሮ የሚሸጠው የሽሪምፕ ችፕስ አለ፤ ሴኡቃንግ ይባላል። ስሙ ላይ ያችው ቃንግ አለች፣ ሰውም እሱን ማስታወቂያ አሠሩት ብሎ ኩባንያውን ወጠረ። አሠሩት። በሐምሌ ከዩ ጄሶክና ከዘፋኟ ሊ ሂዮሪ ጋር ሦስት ሆነው የበጋ ዘፈን አወጡ። አንደኛ ወጣ። ሬይን እዚያ ውስጥ ትንሹ ነው፤ ሁለቱ ሲያላግጡበት፣ ሲያዙት፣ እሱ ሲያኮርፍ ነው በጋው ያለቀው።

ያረጀ ዘፈን እንዲህ ተመልሶ ሲወጣ ስም አለው። ኮሪያውያን «ዮክጁሄንግ» ይሉታል፣ በአንድ አቅጣጫ መንገድ ላይ በተቃራኒው መንዳት። በ2021 ብሬቭ ገርልስ የሚባሉት ሴቶች በ2017 ያወጡት ዘፈን ድንገት አንደኛ ሆነ፤ እሱንም ያነሣው ወታደሮች ከቪዲዮ ሥር የጻፉት አስተያየት ነው። በሁለቱም ጊዜ ኩባንያ አላቀደውም። ማቀድም የሚቻል አይመስለኝም። ሬይን ራሱ በ2021 «ሳይፈር» የሚል አዲስ ቡድን አወጣ፣ ስሙንም ልምዱንም አዋሳቸው፤ ብዙ አልዘለቀም።

ትወናውን አልተወውም። በ2022 ድራማ ላይ ነፍሱ ከሥጋው ወጥታ በሌላ ሐኪም ገላ የምትገባ ትዕቢተኛ የቀዶ ጥገና ሐኪም ሆነ። ትዕቢተኛ፣ እንደገና። ሰው ወደደው። ፊልም ሲከስር ደግሞ ዛሬም አስተያየት መስጫው ላይ ስንት ዩቢዲ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ኦም ቦክዶንግ ማነው ብሎ ኢንተርኔት ላይ የሚፈልግም እንዲሁ፤ ይፈልግና የብስክሌቱን ሰውዬ ታሪክ ያገኛል።